መስከረም 1 ለምን ጳጉሜ 6 ሆነ፦ ከገዛ ላፕቶፔ ለኦፕን ሶርስ ያበረከትኩት አራት መስመር

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ገና የዓደይ አበባው ሳይጠወልግ፣ ቢሮአችን ሶፍትዌር ከሚያቀርብላቸው የቁጠባና ብድር ማኅበራት የአንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይህ ሰው የከፈለው በአዲሱ ዓመት ነው፤ ማሽናችሁ ግን ወደ አሮጌው መልሶታል» አሉኝ። የላኩልኝን ፎቶግራፍ ከፍቼ ሳየው፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተብሎ የተመዘገበው ክፍያ በታተመው ደረሰኝ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሆኖ ወጥቷል። እኚህ ሴት በሥራቸው ቀልድ የማያውቁ ናቸውና «አየዋለሁ፣ እማማ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

በቢሮው ውስጥ ሁላችንም መጀመሪያ የያዝነው የታወቀውን ተጠርጣሪ ነው። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት፤ በዚህም ምክንያት ዕንቁጣጣሽ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 መሆኗ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ውላለች። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈውን ዓመት መለየት ያቃተው ፕሮግራም ከአንድም ሁለት ሦስት ስላጋጠመን፣ ነገሩ የስድስተኛዋ ቀን ጣጣ ነው ብለን ደመደምን። የነሐሴን መዝገብ ስናገላብጥ ግን ከነሐሴ 25 ወዲህ በእጅ የገባ ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሸሽቶ አገኘነው። ነሐሴ 27 ወደ 26 ቢሸሽ ማን ልብ ይለዋል? ዓመቱ ሲለወጥ ነው ዓይን ውስጥ የገባው። ነሐሴ 25 ደግሞ ቀኖችን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚመልስልንን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ወደ አዲሱ እትም ያሳደግንበት ዕለት ነበር።

ላይብረሪው ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱን ማንም ሊያየውና እርማት ሊያቀርብበት ይችላል። ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፤ ስሕተቱ ቀን የሚያሰላ ማንኛውም ሰው ሊሠራው የሚችል፣ እኔም በሌላ ሥራ ላይ የሠራሁት ዓይነት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ቀን ደምርበትና ገላግለን» አለኝ፤ ደንበኛ ስልክ ላይ እየጠበቀ እንዲህ ያለ ልጣፍ ያልለጠፈ ፕሮግራመር ስለማይኖር ሐሳቡ የሚያሳፍር አይደለም። እኔ በዚያው ማታ ሶፍትዌራችንን ወደ ቀድሞው የላይብረሪ እትም መለስኩትና ደረሰኞቹ ተስተካከሉ። ሆኖም በአሮጌ እትም ላይ ተቀምጦ መኖር አይቻልም፤ የተጫኑ ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ የሰውን ኮድ ማረምም ቢሆን፣ ላይብረሪዎቹ እንደገና በተጫኑ ጊዜ እርማቱ ያለ ዱካ ስለሚጠፋ፣ ውኃ እንደ መውቀጥ ነው። እርማቱ መሄድ ያለበት ወደ ምንጩ ነበር። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ፣ ብዙ ጀማሪዎች ከሚገምቱት በተለየ፣ አብዛኛው የሚያልፈው በገዛ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያ ክፍል ነው።

ለኦፕን ሶርስ ማበርከት ሲባል ብዙ ሰው ጊትሃብ ላይ ቁልፍ መጫን ይመስለዋል፤ ጊት እና ጊትሃብ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጊት በኮድ ላይ የሚደረገውን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ደግሞ በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005፣ የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሠራተኞች እስከዚያ ድረስ በነጻ ሲገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር በነጻ መሰጠቱ በቆመ ጊዜ ነው፤ ጊትሃብ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በ2008 ነው። የከርነሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ እርማቶቻቸውን የሚለዋወጡት በኢሜይል ነው። ጊት ሲፈጠር ጀምሮ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ግልባጭ ሙሉ እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ፣ አንድ ጊዜ ክሎን ያደረገ፣ ማለትም ግልባጩን ያወረደ፣ ሰው የፕሮጀክቱን የዛሬ ኮድ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ፣ ማን መቼ ለምን እንዳደረገው ከሚናገረው መልእክት ጋር፣ በገዛ ዲስኩ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ግልባጩን ለማውረድ፣ ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ለመጫንና የተጠናቀቀውን ሥራ ለመላክ ብቻ ነው። ኔትወርክ በሚመጣና በሚሄድበት ቤት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ የተመቸ አሠራር አላውቅም።

ማውረዱ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ጊትሃብ ላይ ፎርክ አድርጌ፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ቅጂ በራሴ ስም አስቀምጬ፣ ጊት ክሎን ብዬ ስጀምር በ63 በመቶ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ጊት ክሎን እንደ ፊልም ማውረጃ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛውም ሙከራ እንዲሁ ሲሆን «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ (ኮሚት ጊት የሚመዘግበው አንድ የለውጥ እርምጃ ነው) አወረድኩ፤ እርሱም በአንድ ደቂቃ አለቀ። ይህ አማራጭ ለችኩል ሰው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ታሪኩን መተው ነው፣ ያንን ዋጋም ብዙ ሳልቆይ ከፈልኩት። ከዚያ ሁለት የርቀት አድራሻዎች አስመዘገብኩ፦ የራሴን ፎርክ «ኦሪጂን»፣ ዋናውን ፕሮጀክት ደግሞ «አፕስትሪም» ብዬ። ጀማሪ ይህንን ሁለተኛውን ይረሳዋል፤ የሚረሳውም ገና በመጀመሪያው ቀን ስለማይፈለግ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋናው ፕሮጀክት ርቆ ሲሄድ ግን ያለ እርሱ መከተል አይቻልም።

አንድም ፊደል ሳልነካ በመጀመሪያ የፕሮጀክቱን ቴስቶች፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አሄድኩ። ይህ ልማድ ከአንድ አንጋፋ ባለሙያ የወረስኩት ነው፦ ቤቱ አስቀድሞ የተሰበረ መሆኑን ሳታይ ገብተህ ከነካካህ፣ የተሰበረውን ማን እንደሰበረው ራስህም አታውቀውም። በጊትሃብ ገጹ ላይ ሁሉም ቴስቶች ማለፋቸውን የሚናገረው አረንጓዴ ምልክት በርቷል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ከ140 ቴስቶች 3ቱ ወደቁ። ያው አንድ ኮድ፣ ያው አንድ እትም፣ ያው አንድ የኖድ (ጃቫስክሪፕትን የሚያሄደው ፕሮግራም) ስሪት ነው። የወደቁትን አንድ በአንድ ሳነብ ሦስቱም የሚሉት ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ የሚጠበቀው 12፣ የተገኘው 11።

ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስክሪኑን ሳፈጥበት ቆይቼ፣ ተርሚናሉ ላይ ከቴስቱ ትእዛዝ ፊት «ቲዜድ=ዩቲሲ» ብዬ ጨመርኩና እንደገና አሄድኩት። ቲዜድ ኮምፒውተሩ የት አገር እንዳለ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ቫሪያብል ነው፤ ዩቲሲ ደግሞ የየአገሩ ሰዓት የሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት ነው። 140ውም አለፉ። «ቲዜድ=አሜሪካ/ኒው_ዮርክ» አልኩት፤ አሁንም ሁሉም አለፉ። ቫሪያብሉን ሳነሳውና ላፕቶፔ አዲስ አበባ መሆኑን ሲያስታውስ ሦስቱ ተመልሰው ወደቁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮዱ ከተጠቃሚው ዓመት፣ ወርና ቀን ብቻ ሲሰጠው፣ ሰዓቱን እኩለ ሌሊት አድርጎ በጃቫስክሪፕት የቀን ዕቃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። (ጃቫስክሪፕት ወራትን ከ0 መቁጠር ስለሚጀምር ሴፕቴምበር ለእርሱ 8 ነው፤ ይህንን የወሰነውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ።) ይህ እኩለ ሌሊት የላፕቶፑ እኩለ ሌሊት ነው። ቀጥሎ ኮዱ ያንን ዕቃ ወደ ጽሑፍ ይለውጥና የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት፣ ማለትም ዓመት፣ ወርና ቀኑን፣ ቆርጦ ይወስዳል፤ ጽሑፉ ግን የሚጻፈው በዩቲሲ ነው። እኛ ሌሊት 6 ሰዓት የምንለው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ 00፡00 ብሎ የሚጽፈው የአዲስ አበባ ሰዓት፣ በዩቲሲ ገና 21፡00 ነው፤ ያውም የትናንቱ። ስለዚህ ሴፕቴምበር 12 ወደ ሴፕቴምበር 11 ይንሸራተታል፣ የሴፕቴምበር 11 ትርጉም ደግሞ በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ነበር። ሉቃስ በከንቱ ተጠርጥሮ ኖሯል።

ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዋሽንግተን እኩለ ሌሊት በዩቲሲ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 04፡00 ወይም 05፡00 ነው፣ ቀኑም ያው ነው። ቴስቱን በራሱ የሚያሄደው ሰርቨር በዩቲሲ ስለሚሠራ እርሱም ምንም አያይም። እንግዲህ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለማስላት የተጻፈው ላይብረሪ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ለተቀመጠ ሐበሻ በትክክል እየሠራ፣ አዲስ አበባ፣ ኢየሩሳሌም ወይም ዱባይ ላለው በአንድ ቀን ይዘገይ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ በዚህ ጉዳይ የነበረው ብልጫ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች «እኔ እነዚያ ያላዩትን ምን ልጨምር እችላለሁ?» እያሉ ሲያመነቱ አያለሁ፤ እነርሱ የማያዩትን የሚያየው አንዳንድ ጊዜ የሰዓት ክልሉ ነው።

የሰዓት ክልል ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የሰዓት ክልሎች መዝገብ ውስጥ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ራሱን የቻለ ታሪክ የለውም፤ የ«አፍሪካ/ናይሮቢ» ተለዋጭ ስም ነው። ለዛሬ ቀን ሁለቱም ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለሚቀድሙ ልዩነት የለውም። በጎርጎርዮሳዊው 1940 ለተወለደ አዛውንት የልደት ቀን ስታሰላ ግን ላፕቶፑ የናይሮቢን የዚያን ጊዜ ሰዓት ይወስድና 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይላል። በቴስት ውስጥ 15 ደቂቃ የት እንደገባች ስፈልግ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩባት እርሷ ናት።

ስሕተቱ የት እንዳለ ካወቅኩ በኋላ መቼና ለምን እንደገባ ማወቅ ፈለግኩ። ይህ ለማወቅ ከመጓጓት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ያንን መስመር የጻፈው ሰው ሌላ ችግር ለመፍታት ጽፎት ከሆነ፣ እኔ ሳላውቅ ባነሳው የድሮው ችግር ይመለሳል። እዚህ ላይ ነው ያ የተተወው ታሪክ የተፈለገው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ መስመሩ ጥሩ በሚሆንበት ሰዓት፣ «ጊት ፌች አንሻሎው» ብዬ ቀሪውን ታሪክ አወረድኩ። ጠዋት ኢንተርኔት አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። በደህናው እትምና በተበላሸው እትም መካከል 380 ኮሚቶች ነበሩ። ጊት ባይሴክት የሚባለው ትእዛዝ ደህናውንና የተበላሸውን ጫፍ ከነገርከው መካከለኛውን አውጥቶ ያቀርብልሃል፤ «ደህና» ወይም «የተበላሸ» ስትለው ግማሹን ጥሎ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። 380ውን አንድ በአንድ ማየት ቀርቶ፣ ከ9 ጥያቄ ባልበለጠ ወደ ጥፋተኛው ይደርሳል። እኔማ ፍርዱንም ለራሱ ተውኩለት፤ «ባይሴክት ራን» ብዬ የቴስቱን ትእዛዝ ሰጠሁትና ቁርሴን እስክበላ ጨርሶ ጠበቀኝ።

የተገኘው ኮሚት የሰባት ወር ዕድሜ ያለው ነበር፤ መልእክቱም ኮዱን ለማሳጠር የተደረገ ለውጥ መሆኑን ይናገራል። ቀድሞ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ለየብቻ የሚያወጡ ሰባት መስመሮች ነበሩ፤ እነርሱ በአንድ ቆንጆ መስመር ተተክተዋል። የተፈታ ሌላ ችግር አልነበረም። አሁን በልበ ሙሉነት መንካት እችላለሁ።

አዲስ ብራንች፣ ማለትም ዋናው ሳይነካ የሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ፣ ከፈትኩ። ከእርማቱ በፊት የሚወድቅ ቴስት ጻፍኩ፤ ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ የማይታለፍ ሕግ ነው፣ ምክንያቱም ከእርማት በኋላ የተጻፈ ቴስት ሲወድቅ አይተኸው ስለማታውቅ በእውነት የሚይዝ ይሁን ወይም ለይስሙላ የቆመ መሆኑን አታውቅም። ለቴስቱ የሚሆኑትን የቀን ጥንዶች ያስቀመጥኩበትን ፋይል «ጳጉሜ» ብዬ በፊደላችን ሰየምኩት። የተለወጡትን ፋይሎች ለማየት ጊት ስታተስ ስል የፋይሉ ስም በቦታው የለም፤ በምትኩ 341፣ 214፣ 263 እያለ የሚቀጥል የቁጥር ሰንሰለት ተደርድሯል። ዩቲኤፍ-8 አንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ያስቀምጣል፤ ጊት ደግሞ ከመሠረታዊዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ውጭ የሆነ ባይት በፋይል ስም ውስጥ ሲያገኝ በስምንት ቤት ቁጥር እየተረጎመ ያሳያል። ስለዚህ ጳ ብቻዋን እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ናት፤ «ጳጉሜ» ደግሞ 9 ቁጥር ነው። «ኮር.ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር ፎልስ ሲያደርጉት ስሙ በፊደላችን ይመለሳል። በመጨረሻ ግን የፋይሉን ስም ወደ ላቲን ቀየርኩት፤ ፊደላችን አፍሮብኝ ሳይሆን፣ በሌላው ዓለም ያለ ሰው በኪቦርዱ ሊጽፈው የማይችለውን ስም መፈለግ ስለሚቸግረው ነው። በፋይሉ ውስጥ ግን የወራቱ ስሞች በአማርኛ እንዳሉ ናቸው።

እርማቱ ራሱ አራት መስመር ነው። ቀኑ ሲፈጠር በላፕቶፑ ሰዓት ሳይሆን ዴት.ዩቲሲ በሚባለው መንገድ በዩቲሲ እንዲፈጠር፣ ሲነበብም በዩቲሲ እንዲነበብ አደረግኩ። መግቢያውና መውጫው በአንድ ሰዓት ከሆነ መሐል ላይ የሚንሸራተት ቀን አይኖርም። ቴስቱን በአዲስ አበባ፣ በዩቲሲ፣ በኒው ዮርክና በኦክላንድ ሰዓት አራት ጊዜ አሄድኩት፤ ኦክላንድን የጨመርኩት ከዩቲሲ በ12 ሰዓት ስለሚቀድም፣ በበጋቸው ደግሞ በ13፣ አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ሁሉ እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ሁሉም አለፈ።

ቴስት ማለፉ ግን ደረሰኙ መስተካከሉን አያረጋግጥም። ስለዚህ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች መጫኛ በሆነው በኤንፒኤም፣ ኤንፒኤም ፓክ በሚለው ትእዛዝ፣ የታረመውን ላይብረሪ፣ ልክ ለሕዝብ እንደሚወጣው ሆኖ፣ በአንድ የታመቀ ፋይል ጠቅልዬ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ባለው የቢሮአችን ሶፍትዌር ውስጥ ጫንኩት። ኤንፒኤም ሊንክ የሚባል ፈጣን መንገድም አለ፤ እርሱ ግን ፎልደሩን በቀጥታ ስለሚያገናኝ፣ ተረስቶ ሳይታሸግ የቀረ ፋይል ቢኖር አያሳይህም። የእኚያን የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ በዚያው ቁጥርና በዚያው ቀን አስገብቼ አተምኩት። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ይላል።

ኮሚት ከማድረጌ በፊት፣ የተለወጠውን መስመር ሁሉ የሚያሳየውን ጊት ዲፍ ብዬ ስመለከት ደነገጥኩ፤ አራት መስመር የቀየርኩት ሰው ከ300 በላይ መስመር ለውጬ ቆሜያለሁ። ፋይሉን ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ኤዲተሬ በራሱ ልማድ ነጠላ ጥቅስን ወደ ድርብ ሲለውጥና ክፍተቶችን ሲያስተካክል ኖሯል። ይህንን እንዳለ ብልክ፣ በትርፍ ጊዜው በነጻ የሚሠራ ሜንቴነር (የፕሮጀክቱ ኃላፊ) ከ300 መስመር ውስጥ አራቱን እንዲለቅም ማዘዜ ነው፤ የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስቴ (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ከዓመታት በፊት መልስ ሳያገኝ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ እኔም ብሆን አላነበውም ነበር። ትርፉን መልሼ ጣልኩና «ጊት አድ» ላይ «ፒ» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ፣ ለውጦቹን ቁራጭ በቁራጭ እያየሁ፣ የሚገቡትን ብቻ አስገባሁ።

የኮሚቱ መልእክት ላይ ከኮዱ ላይ የበለጠ ጊዜ አጠፋሁ ብል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዝኛዬ የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ውበትን ትቼ ሦስት ነገር ብቻ በአጭር ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ፦ ምን እንደሚታይ፣ ለምን እንደሚሆን፣ በምን ትእዛዝ ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያየው እንደሚችል። ስሜንም ከመላኬ በፊት አጣራሁ፤ ጊት በየኮሚቱ ላይ ስምና ኢሜይል ስለሚያትም፣ አንዴ በዋናው ታሪክ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ጊትሃብ እውነተኛውን አድራሻ የሚሸፍን ኢሜይል ይሰጣል፤ እኔ የምጠቀመው እርሱን ነው። ደስ የሚለው ነገር ጊት የቤተሰብ ስም የሚባል ሣጥን የለውም፤ የራሴንና የአባቴን ስም በአንድ መስመር ብጽፍለት ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለኝ።

ፑሽ ማድረጉን፣ ማለትም ኮሚቱን ወደ ጊትሃብ መላኩን፣ ባጭሩ ልለፈው። ጊትሃብ ከኦገስት 13 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተርሚናል በኩል የይለፍ ቃል ስለማይቀበል ቶክን ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ያስፈልጋል። በተቀመጥኩበት ቦታ ኔትወርክ ላይ ኤስኤስኤች የሚሄድበት 22 ቁጥር ፖርት ተዘግቶ ነበር፤ ጊትሃብ ያንኑ አገልግሎት በ443 ቁጥር ፖርት በኩል በሌላ አድራሻ ስለሚሰጥ፣ በኤስኤስኤች ቅንብር ፋይሌ ውስጥ ሦስት መስመር ጨምሬ አለፍኩ።

ፑል ሪኩዌስቱን ከከፈትኩ ከአራት ቀን በኋላ አንዱ ሜንቴነር መለሰልኝ። «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ላየው አልቻልኩም» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን የሰጠሁትን ትእዛዝ በአዲስ አበባ ሰዓት ሲያሄደው ሦስቱም እንደወደቁበት ይናገራል። እርማቱን ተቀበለው፤ ያልኩትን ሳይሆን ያላልኩትን ግን ጨምሮ ጠየቀ፦ ሰርቨሩ ከእንግዲህ ቴስቶቹን ሁልጊዜ በሁለት የሰዓት ክልል እንዲያሄድ የሚያደርገውን ፋይል እኔው እንድጽፈው። ልክ ነበር። እኔ ስሕተቱን ነበር ያረምኩት፤ እርሱ ያሰበው ተመልሶ እንዳይገባ ነው። በዚህ መካከል ዋናው ፕሮጀክት ሌሎች ለውጦች ተቀብሎ ስለነበር፣ ከአፕስትሪም አዲሱን አውርጄ ብራንቼን ሪቤዝ አደረግኩት፣ ማለትም ለውጤን በአዲሱ ኮድ ላይ እንደገና አስቀመጥኩትና መልሼ ላክሁት። ሪቤዝ የተደረገ ብራንች በግድ ነው የሚላከው፤ «ፎርስ» ብቻውን ሌላ ሰው የጨመረውን ሊደመስስ ስለሚችል «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚለውን መጠቀም ይሻላል። በሳምንቱ ገባ። ቢሮአችን አዲሱን እትም ሲጭን፣ ለእኚያ ሒሳብ ሠራተኛ ደውዬ መስተካከሉን ስነግራቸው «ድሮስ ማሽኑ ነው ያልኩህ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቴስቱን እየጻፍኩ ሳለሁ ያገኘሁት ሌላ ነገር ግን አሁንም በላፕቶፔ ላይ አለ። ላይብረሪው ዕንቁጣጣሽን የሚያገኘው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው ከሚል ቋሚ ሕግ ነው፤ ይህ ሕግ ለዛሬ እውነት ቢሆንም ዘላለማዊ አይደለም። በጎርጎርዮሳዊው 2100 ለ400 ስለማይካፈል ሠግር ዓመት አይደለም፤ የእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ማለፊያ ጳጉሜን 6 ያደርጋል፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ይሰፋል። ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ደግሞ ሴፕቴምበር 13 ይሆናል፤ ገናም ከጃንዋሪ 7 ወደ 8 ይዛወራል። እስከዚያ ማን ይኖራል ይባል ይሆናል። የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግን ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ደንግጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተፈረመ ውል የሚያበቃው በ2115 ነው፣ የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያትም ሶፍትዌር ደግሞ ዛሬ እየሠራ ነው።

ሁለተኛ ብራንች ከፍቻለሁ። ቋሚውን ሕግ ትቼ በጁልያን የቀን ቁጥር፣ ማለትም ቀኖችን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ በሚቆጥረው ዘዴ፣ እያሰላሁ ነው፤ ዓመተ ምሕረት 1፣ መስከረም 1 ቀን፣ ቁጥሩ 1724221 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ልክ 2460200 ላይ ይወድቃል። መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ደግሞ 2488324 ይሰጣል፣ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ነው፤ የአሁኑ ኮድ 11 ይላል፤ ቴስቱም እንደሚገባው ወድቋል።